አድራሻችሁ የት ነው? በኤድመንተን የመጀመሪያዎቹ ወራት

ጤና ይስጥልኝ። በካናዳ አልበርታ ክፍለ ሀገር ወደምትገኘው ኤድመንተን የገባ ሰው በመጀመሪያው ሳምንት ከስሙ ቀጥሎ ደጋግሞ የሚጠየቀው አድራሻውን ነው። ባንኩ፣ ትምህርት ቤቱ፣ ክሊኒኩ፣ ስልክ ቤቱ፣ ቀጣሪው፣ ሁሉም ከዚያ ይጀምራል። አገር ቤት ቤት የሚነገረው በምልክት ነው፤ «ከቤተ ክርስቲያኑ ዝቅ ብሎ፣ ፋርማሲው አጠገብ፣ ሰማያዊው በር»። ደብዳቤ የሚጠብቅም በፖስታ ሳጥን ይቀበላል። እዚህ ደብዳቤው የሚመጣው እናንተ ወዳላችሁበት ነው፤ የጤና ካርዱም፣ የልጆች ገንዘቡም፣ የስደት ጉዳይ ቀጠሮውም የሚከተለው ያንን የቤት ቁጥር ነው። ስለዚህ ከቁጥሩ ልነሳ።

የኤድመንተን መንገድ አብዛኛው በስም አይጠራም፣ በቁጥር ነው። አቬኑ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ይዘረጋል፣ ስትሪት ከደቡብ ወደ ሰሜን። በአሮጌው የከተማው ክፍል ወደ ሰሜን በሄዳችሁ ቁጥር የአቬኑ ቁጥር ያድጋል፤ ወደ ምዕራብ ስትሄዱ የስትሪቱ ያድጋል። መሀል ከተማው 101 አቬኑ እና 101 ስትሪት አካባቢ ነው። ይህን ከያዛችሁ ካርታ ሳትከፍቱ አድራሻ ማንበብ ትችላላችሁ። የዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል አድራሻ 8440፣ 112 ስትሪት ነው። መጨረሻ ላይ ያሉትን ሁለት አሃዞች፣ 40ን፣ በጣታችሁ ሸፍኑ። የቀረው 84 ነው። እንግዲህ ሆስፒታሉ ያለው 112 ስትሪት ላይ፣ በ84 እና በ85 አቬኑ መካከል ነው። የአልበርታ ምክር ቤት 10800፣ 97 አቬኑ ነው፤ 00ን ሸፍኑ፣ 108 ይቀራል፤ ስለዚህ 97 አቬኑ ከ108 ስትሪት ጋር የሚገናኝበት ቦታ ነው። የሐበሻ ሱቅና ምግብ ቤት ፈልጋችሁ 107 ወይም 118 አቬኑ የሚላችሁ ሰው የነገራችሁ ረጅም መንገድ ነው፤ በየትኛው ስትሪት በኩል እንደሆነ ካልጠየቃችሁ ሙሉ ከሰዓት በእግር ልትሄዱበት ትችላላችሁ።

አንድ ወጥመድ አለ። ከተማው በ1982 በአራት ማዕዘን ተከፍሏል፤ ብዙው ቤት «ኤን ደብሊው»፣ ማለትም ሰሜን ምዕራብ ውስጥ ስለሆነ ሰዉ ሲናገር ፊደሎቹን ይተዋቸዋል። በደቡብ በኩል የተሠሩት አዳዲስ ሰፈሮች ግን «ኤስ ደብሊው» ናቸው፣ የአቬኑ ቁጥራቸውም ከ1 ተነስቶ ወደ ደቡብ ያድጋል። 41 አቬኑ ኤን ደብሊው እና 41 አቬኑ ኤስ ደብሊው ስማቸው ይመሳሰላል እንጂ በመካከላቸው ብዙ ኪሎ ሜትር አለ። ለሥራ ቃለ መጠይቅ የተጠራ ሰው እነዚህን ሁለት ፊደላት ትቶ አውቶቡስ ውስጥ ከገባ ሌላ ከተማ የደረሰ ያህል ነው የሚርቀው። ፎርም ላይም ጻፏቸው፤ በ«ቲ» የሚጀምረውን ባለ ስድስት ፊደልና ቁጥር ፖስታ ኮድም አትተዉ።

ሰዓትም እንዲሁ ያሳስታል። «ቀጠሮህ 8 ሰዓት ነው» ሲባል በእኛ አቆጣጠር ሰምቶ ከሰዓት በኋላ የሚመጣ ሰው አሁንም አለ። ቀጠሮ ስትይዙ ኤ ኤም ነው ፒ ኤም ነው ብላችሁ ጠይቁ፣ ጻፉት።

አሁን ወደ ቤቱ። ብዙዎቻችን የመጀመሪያውን ክፍል የምንከራየው ከአገር ልጅ ነው፤ በቃል፣ በጥሬ ገንዘብ። ውለታው ትልቅ ነው፣ ግን ሁለት ጣጣ አለው። አንደኛ፣ ወረቀት ከሌለ የምትኖሩበትን ማሳየት አትችሉም፤ የጤና ካርዱ ጉዳይ ከመነሻው ይቆማል። ሁለተኛ፣ ባለቤቱ እዚያው ቤት እየኖረ ሳሎንና ኩሽና የምትጋሩ ከሆነ የአልበርታ የተከራዮች ሕግ አይመለከታችሁም፤ ቀጥዬ የምዘረዝራቸው መብቶች ሁሉ አብረው ይቀራሉ። ስለዚህ ወዳጅነቱ እንዳለ ሆኖ አንዲት ገጽ ጻፉ፦ የሁለታችሁ ስም፣ ሙሉ አድራሻ፣ የገባችሁበት ቀን፣ ወርኃዊው ብር፣ ሁለት ፊርማ። ኪራዩን በባንክ ትራንስፈር ክፈሉ። ደረሰኝ መጠየቅ ሰውን ሌባ ማለት አይደለም፤ እዚህ አገር የተለመደ ነው።

አፓርትመንት ወይም ራሱን የቻለ ቤዝመንት (ምድር ቤት) ስትከራዩ ሕጉ አለ። ዲፖዚት፣ ማለትም የማስያዣው ገንዘብ፣ ከአንድ ወር ኪራይ ሊበልጥ አይችልም። ከመግባታችሁ በፊት ወይም ከገባችሁ በኋላ በአንድ ሳምንት ውስጥ አከራዩና እናንተ ቤቱን ዞራችሁ የምታዩበት የፍተሻ ወረቀት መሞላት አለበት፤ ስትወጡም እንዲሁ። እነዚህ ወረቀቶች ካልተሠሩ አከራዩ «ግድግዳው ተጎድቷል» ብሎ ከዲፖዚቱ መቁረጥ አይችልም። ይህን የማያውቅ ተከራይ ግን ይቆረጥበታል፣ ዝም ብሎም ይሄዳል። ስትዞሩ ስልካችሁን ይዛችሁ ዙሩ፦ የምንጣፉን እድፍ፣ የመስኮቱን ስንጥቅ፣ የምድጃውን ውስጥ፣ ከእቃ ማጠቢያው ሥር ያለውን እርጥበት አንሱ። ፎቶዎቹን በዚያው ቀን ለአከራዩ በኢሜይል ላኩለት፤ ቀኑ ተመዝግቦ ይቀመጣል። ከለቀቃችሁ በኋላ ዲፖዚቱን ወይም ለምን እንደቆረጠ የሚያሳይ ዝርዝር በ10 ቀን ውስጥ መስጠት አለበት። ኪራይ በመጨመር በኩል አልበርታ ጣሪያ የላትም፤ የምትከለክለው ድግግሞሹን ነው፣ በ365 ቀን ውስጥ ከአንድ ጊዜ በላይ አይጨመርም፤ በየወሩ ለሚታደስ ኪራይም የሦስት ወር ማስታወቂያ ያስፈልጋል። ቤቱን ሳታዩ፣ ቁልፍ ሳይኖር «ዲፖዚት ላኩና ቁልፉን በፖስታ እልካለሁ» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ አትላኩ። ያ ሰው የሚያከራየው ቤት የለውም።

ቁልፍ ስትቀበሉ ሁለት ቁልፍ ተቀበሉ፦ የበሩንና የፖስታ ሳጥኑን። በብዙ ሰፈር ደብዳቤ በር ላይ አይመጣም፤ መንገድ ዳር ከቆመ የጋራ ሳጥን ውስጥ የእናንተ ቁጥር ያለው አንድ መሳቢያ ነው። የሳጥኑ ቁልፍ የሌለው ሰው ለወራት ደብዳቤ አልመጣልኝም እያለ ይቀመጣል፣ ደብዳቤው ግን እዚያው ተከምሯል።

ወረቀት ከመጀመራችሁ በፊት ስማችሁን አስተካክሉ። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ የራስ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ነው። የካናዳ ፎርም ግን የመጨረሻው ስም የቤተሰብ ስም ነው ብሎ ያምናል። አንዱ ወረቀት ላይ የአባት ስም፣ ሌላው ላይ የአያት ስም በዚያ ሳጥን ከገባ ለኮምፒውተሩ ሁለት ሰው ናችሁ። መግቢያ ወረቀታችሁ ላይ የተጻፈውን፣ አንድ ፊደል ሳትለውጡ፣ በሁሉም ቦታ ድገሙት፤ እንግሊዝኛው አጻጻፍ ቢያስቀይምም ድገሙት። ባልና ሚስት፣ አባትና ልጅ የተለያየ «ላስት ኔም» መያዛቸው ችግር የለውም፤ ለትምህርት ቤት ግን የልጁን የልደት ማስረጃ ይዛችሁ ሂዱ። የልደት ቀንም እንደዚሁ፦ በእኛ አቆጣጠር ያለው ዓመት ሳይቀየር ተገልብጦ የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት ይዞ የገባ ሰው ጡረታው ላይ ያገኘዋል። ስህተት ካለ ሌላ ካርድ ሳይወጣበት፣ ገና በጠዋቱ አሳርሙት።

የወረቀቱ ቅደም ተከተል እንዲህ ነው። መጀመሪያ ሲን ቁጥር፣ ማለትም የሥራና የታክስ መለያ ቁጥራችሁ፣ ሰርቪስ ካናዳ ከሚባለው የመንግሥት ቢሮ፣ በነፃ፤ ዘጠኝ አሃዝ ነው፣ ጊዜያዊ ነዋሪዎች ያላቸው በ9 ይጀምራል። በቃላችሁ ያዙት፣ ወረቀቱን ቤት አስቀምጡት። ቀጣሪ፣ ባንክና የታክስ መሥሪያ ቤቱ ይፈልጉታል፤ አከራይ ከጠየቃችሁ እምቢ ማለት ትችላላችሁ። ቀጥሎ ሬጅስትሪ። አልበርታ ውስጥ የጤና ካርድ ማመልከቻ፣ መታወቂያ፣ መንጃ ፈቃድና ሰሌዳ የሚሠሩት ሬጅስትሪ የሚባሉ የግል ቢሮዎች ናቸው፤ በየገበያ ማዕከሉ አሉ፣ ለአንዳንዱ አገልግሎት የራሳቸውን ክፍያ ይጨምራሉ። መታወቂያችሁን፣ በካናዳ የመኖር ፈቃዳችሁንና አድራሻ የሚያሳይ ወረቀት፣ ማለትም የኪራይ ውል ወይም በስማችሁ የመጣ የመብራት ሂሳብ፣ ይዛችሁ ሂዱ። ከውጭ አገር የመጣችሁ በሦስት ወር ውስጥ ካመለከታችሁ ሽፋኑ አልበርታ ከገባችሁበት ቀን ይቆጠራል። ከቶሮንቶ ወይም ከዊኒፔግ የመጣችሁ ግን ሽፋናችሁ የሚጀምረው ከሦስተኛው ወር መባቻ ስለሆነ የድሮውን ካርድ አትጣሉ።

የአልበርታ የጤና ካርድ ተራ ወረቀት ናት፤ በፎቶ አንሱና ቁጥሩን ያዙ። የማትሸፍነውን ደግሞ እወቁ፦ የመድኃኒት ቤት መድኃኒት፣ የተለመደ የጥርስ ሕክምና፣ አምቡላንስ። አምቡላንስ ወደ ሆስፒታል ከወሰዳችሁ 385 ዶላር፣ መጥቶ ካልወሰዳችሁ 250 ዶላር ሂሳብ ይመጣል። ይህን የሰማ ሰው ግን ደረቱን ይዞ አውቶቡስ መጠበቅ የለበትም፤ ለሕይወት የሚያሰጋ ሲሆን 911 ነው፣ ሂሳቡ በኋላ በክፍልፋይ ይከፈላል። «ልጁ ትኩሳት አለው፣ ልሂድ ወይስ ልጠብቅ?» ለሚለው ጥያቄ 811 ደውሉ፤ ነርስ ናት የምታነሳው፣ ሌሊትም ቢሆን፤ «አምሃሪክ» በሏት፣ አስተርጓሚ ታገናኛችኋለች።

የልጆች ገንዘብ፣ ቻይልድ ቤኔፊት የሚባለው፣ በወሩ 20 አካባቢ ይገባል። የሚጠየቀው አር ሲ 66 በሚባለው ፎርም ነው፤ አዲስ የመጣ ሰው ካናዳ ከመግባቱ በፊት የነበረውን ገቢ የሚገልጽ አባሪም አብሮ ይሞላል። ኤድመንተን ውስጥ በብዛት የሚቋረጠው በዚህ ምክንያት ነው፦ ባልየው ታክስ ያስገባል፣ ሚስት «ገቢ የለኝም» ብላ ትተወዋለች። ሒሳቡ የሚሠራው በሁለቱም ገቢ ስለሆነ፣ ዜሮም ቢሆን የሁለቱም መግባት አለበት፤ ካልገባ በሐምሌ ይቆማል። ቀነ ገደቡ ሚያዝያ 22፣ በፈረንጅ ኤፕሪል 30 ነው። በማርችና በኤፕሪል ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው በነፃ የሚሞሉ በጎ ፈቃደኞች አሉ። ከዚያ በኋላ የሚመጣውን የታክስ ውሳኔ ደብዳቤ አትጣሉት፤ ለቅናሽ የአውቶቡስ ካርድና ለመዋኛ ቦታ ቅናሽ የሚጠየቀው እሱ ነው።

ይበቃል ስለ ወረቀት። የምታወሩኝ ችግር ብዙው ከኩሽና ነው።

ከአገር ቤት ምጣድ ያመጣችሁ እጃችሁን አታውጡ፣ ግን ስሙ። የኢትዮጵያ ምጣድ የተሠራው ለ220 ቮልት ነው፤ የካናዳ ግድግዳ ሶኬት 120 ቮልት ነው። ኃይሉ በግማሽ ብቻ አይደለም የሚቀንሰው፤ በቮልቱ ካሬ ስለሚወርድ ከሲሶ በታች ይሆናል። 3,500 ዋት የነበረው ወደ 1,000 ዋት ይወርዳል። ለዚህ ነው ዓይን የማያወጣው፣ የሚጣበቀው፣ ሊጡ እንደ ቂጣ ተጋድሞ የሚቀረው፤ እርሾው ምንም አላጠፋም። የልብስ ማድረቂያ ሶኬት 240 ቮልት ነው ብለው ሽቦ ለውጠው የሚሰኩ አሉ፤ የቤቱ መስመር ለዚያ አልተሠራም፣ አከራዩም አልፈቀደም፣ እሳት ቢነሳ ኢንሹራንሱ ፊቱን ያዞራል። ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሺያን ካልሠራው አትንኩት። የሐበሻ ቤቶች በአብዛኛው የሚጠቀሙት ኖርዌዮች ሌፍሴ የሚሉትን ቂጣ የሚጋግሩበትን ክብ የኤሌክትሪክ ምጣድ ነው፤ ስፋቱ 40 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ ለ120 ቮልት የተሠራ፣ ወደ 1,400 ዋት የሚስብ። እሱ ብቻውን 12 አምፔር ገደማ ይወስዳል፤ የኩሽና ብሬከር ብዙ ጊዜ 15 ነው። በዚያው መስመር ላይ የሻይ ማፍያ ከሰካችሁ መብራቱ ወዲያው ይጠፋል። በጋገራችሁ ቀን ሌላ ነገር አትሰኩ፤ ቀጭን ማራዘሚያ ገመድም አትጠቀሙ፣ ይግላል።

ሊጡ ደግሞ ይሰንፋል። ቤቱ 20 ዲግሪ ላይ፣ አየሩም ደረቅ ስለሆነ በሁለት ሦስት ቀን የሚደርሰው አራት አምስት ቀን ይፈጃል፤ ላዩም ይደርቃል። ኦቨኑን ሳታሞቁ አምፖሉን ብቻ አብሩና ሊጡን ተከድኖ ውስጥ አስቀምጡት፤ የአምፖሉ ሙቀት ይበቃዋል። ኦቨኑ ቁልፍ ላይ «ሊጥ አለ» የሚል ወረቀት ለጥፉ፤ ልጆች ፒዛ ሊያሞቁ 400 ላይ ሲያዞሩት ፕላስቲክ ባልዲው ከሊጡ ጋር ይቀልጣል።

ቡና ስትቆሉ የጭስ ማስጠንቀቂያው ይጮኻል፤ እሱ ሥራው ነው። ትልቁ ጥፋት ጭሱ እንዲወጣ ብሎ የአፓርትመንቱን በር ወደ ኮሪደር መክፈት ነው። የቤታችሁ ውስጥ ማስጠንቀቂያ ብዙ ጊዜ እናንተን ብቻ ነው የሚቀሰቅሰው፤ ኮሪደሩ ላይ ያለው ግን ከሕንፃው ጋር የተያያዘ ነው፣ እሱ ከነቃ ሰው ሁሉ በፒጃማ ውጭ ይወጣል፣ የእሳት አደጋ መኪናም ይመጣል። በሩን ዝጉ፣ መስኮት ክፈቱ፣ የምድጃውን ማራገቢያ ከመቁላታችሁ በፊት አብሩ፣ በፎጣ አራግቡ። ማስጠንቀቂያውን በፌስታል መሸፈን ወይም ባትሪውን ማውጣት አይሆንም። ከሰል ደግሞ በፍጹም፤ ለዕጣንም ቢሆን። እነዚህ ቤቶች ብርድ እንዳያስገቡ ታሽገው የተሠሩ ናቸው፣ የከሰሉ መርዝ መውጫ የለውም፣ ሽታም የለውም፤ ያስተኛና ይገድላል። ለጀበናም ለዕጣንም የኤሌክትሪክ ምድጃ ይሠራል።

ቤቱ ካልሞቀ ዝም አትበሉ፤ የአልበርታ የመኖሪያ ቤት መመዘኛ አከራዩ እስከ 22 ዲግሪ ማሞቅ የሚችል መሣሪያ እንዲያቀርብ ያስገድዳል። የራሳችሁ ቤት ከሆነ ግን መጀመሪያ የፈርነሱን፣ ማለትም ቤቱን የሚያሞቀውን ማሽን፣ ፊልተር እዩ። በአቧራ ከታፈነ አየሩ አያልፍም፣ ማሽኑ ይግላል፣ ይቆማል፤ ቴክኒሻኑ ሲመጣ የሚያወጣው አሥራ ምናምን ዶላር የሚያወጣ ካርቶን ነው። መጠኑ ጠርዙ ላይ ተጽፏል፣ ብዙ ጊዜ 16 በ25 በ1 ኢንች፤ ቀስቱ ወደ ፈርነሱ እንዲያመለክት አድርጋችሁ አስገቡት። በክረምት በየወሩ እዩት። ክረምት ስል እዚህ ዝናቡን ማለቴ እንዳልሆነ ይገባችኋል፤ ቃሉ ራሱ ከእኛ ጋር አብሮ ተሰድዶ ትርጉሙን ለውጧል።

ስለ ብርዱ ሁለት ቁጥር ብቻ ያዙ። ነፋሱ ተደምሮ የሚሰማው ቅዝቃዜ ከዜሮ በታች 28 ሲደርስ የተጋለጠ ቆዳ ከ10 እስከ 30 ደቂቃ ውስጥ በብርድ ሊጎዳ ይችላል፤ 40 ሲደርስ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ነው። የአውቶቡሱን ሰዓት ከቤት ሳትወጡ በስልክ እዩ። ጆሮ ወይም ጣት ነጭ ሆኖ ከደነዘዘ አታሹት፣ በበረዶም አትፈትጉት፤ ለብ ባለ ውኃ አሙቁት።

መኪና የገዛ ሰው ከፊቱ ፍርግርግ ላይ የተንጠለጠለ የኤሌክትሪክ መሰኪያ ያያል። ብሎክ ሂተር ነው፤ ሞተሩን ያሞቃል። ከዜሮ በታች 15 እስከ 20 ሲሆን ሰኩት። ሌሊቱን ሙሉ መሰካት ገንዘብ ማቃጠል ነው፤ ከመነሳታችሁ ሦስት ሰዓት ያህል በፊት የሚያበራ ታይመር ይበቃል። ገመዱ ለውጭ የተሠራና ወፍራም ይሁን። ሰክታችሁ የምትነዱ እንዳትሆኑ ትርፉን ገመድ በጎን መስታወቱ ላይ ጠምጥሙት፤ በሩን ስትከፍቱ ታዩታላችሁ። የኢትዮጵያ መንጃ ፈቃድ ደግሞ ለ90 ቀን ነው የሚያገለግላችሁ፤ ዛሬ ነገ አትበሉ።

በመጨረሻ ቤት መቀየር። አንድ ዓመት ሳይሞላ አብዛኛው ሰው ይቀይራል፣ እዚህ ላይ ነው ሁሉም የሚበታተነው። ለታክስ መሥሪያ ቤቱ፣ ለሬጅስትሪ፣ ለባንክ፣ ለትምህርት ቤት ለየብቻ ማስታወቅ አለባችሁ፤ አንዱ ለሌላው አይነግርም። የጥገኝነት ጉዳያችሁ ያላለቀ ደግሞ ከሁሉ በፊት ለስደተኞች ቦርዱና ለኢሚግሬሽን አሳውቁ፤ የቀጠሮ ደብዳቤ በድሮው ቤት ሄዶ ሰውየው ካልቀረበ ጉዳዩን ትቶታል ተብሎ ሊዘጋ ይችላል። ካናዳ ፖስት በክፍያ ደብዳቤ ወደ አዲሱ አድራሻ ያስተላልፋል፤ ለጥቂት ወራት ክፈሉለት። መብራትና ጋዝ በስማችሁ ከነበረ የምትለቁበትን ቀን ለኩባንያው ቀድማችሁ ንገሩ። ሂሳቡ ላይ ከተጠቀማችሁት በተጨማሪ የማስተላለፊያና የአስተዳደር ክፍያ አለ፤ መብራት ባታበሩም ይቆጥራል። የቆጣሪውን ቁጥር በለቀቃችሁበት ቀን ፎቶ አንሱት፣ ከዚያ ቁልፉን መልሱ። የፖስታ ሳጥኑንም ቁልፍ።